እጥፍ አርጌ የሰጠሁት መድኃኒት

አሰላ ውስጥ እኔን ሰላምታ የምትሰስት አሮጊት ይሉኛል። ጀርባዬን ሳዞር ነው የሚሉት፣ ግን እሰማለሁ፤ ጆሮዬ ገና ደህና ነው። ሰው መንገድ ላይ ደህና አደሩ ሲለኝ ወዲያው አልመልስም። አንድ ሁለት እርምጃ እሄድና ዞሬ ነው የምመልሰው። ኩራት የሚመስላቸው አሉ፣ የደነቆርኩ የሚመስላቸውም አሉ። ባሌ፣ አላህ ይርሐመውና፣ «ይቺ ሴትዮ መልሱን ጥዳ አብስላ ነው የምታወጣው» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ምክንያቱን ሳያውቅ ሞተ። ልጆቼም አያውቁም። አሁን ለልጅ ልጄ እየነገርኳት እሷ ትጽፋለች። የሰው ስም እንዳትጽፊ ብያታለሁ፣ የቅጠሉንም ስም እንዳትጽፊ።

እናቴ ቆሪቻ ታውቅ ነበር። ቆሪቻ በኦሮምኛ መድኃኒት ማለት ነው። ቤታችን ከጭላሎ ሥር ነበር፣ ገብሱ አልቆ ጫካው ከሚጀምርበት። ጉም የማይለየው አገር ነው፣ በቀትር እንኳ ወርዶ የጎረቤትን ቤት ይውጠዋል። እናቴ ለብዙ ነገር ታውቅ ነበር፣ ሰው አገር አቋርጦ የሚመጣባት ግን ለሆድ ትል ነው። ከቆላ፣ ከአቦምሳ ወዲያ፣ ልጅ አህያ ላይ ጭነው ይመጡ ነበር። ሆዱ የተነፋ፣ እግሩ የቀጠነ ልጅ። እናቴ ቅጠሉን ቀጥፋ፣ ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ፣ ማር ጠብ አርጋበት ታጠጣዋለች። ሲነጋ ትሉ ይወጣል። ከዚያ ልጁ ይበላል፣ ይሮጣል። ውሸት አይደለም፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ታዲያ ሕግ አለው። ቅጠሉን የቀጠፈ ሰው፣ በሽተኛው እስኪውጠው ድረስ አፉን አይከፍትም። ቢጠሩት አቤት አይልም። እሾህ ቢወጋው ዋይ አይልም። ከተናገረ መድኃኒቱ በአፉ ይወጣል፣ ኃይሉ ያልቃል፣ የሚቀረው ሣር ነው ትል ነበር እናቴ። ደግሞ በቀን አንዴ ነው የሚቀጠፈው፤ ተመልሰህ ብትሄድ ዛፉ አይሰጥህም። አራስ ሴት ከሆነች ደግሞ አጠገቡም አትደርስ።

እኔን ያገኘኝ በዚህ በአራሱ ነው። እናቴ ወንድሜን በወለደች በሳምንቷ ታናሽ እህቴ ታመመች። ሆዷ ተነፋ፣ ስታስመልስ ትል በአፏ ወጣ። እናቴ ከመኝታዋ ሆና አየችው። ለሰው ልጅ ሁሉ የምትሰጠውን ለራሷ ልጅ መንካት አትችልም፣ አራስ ናት። እኔ አሥራ አንድ ወይ አሥራ ሁለት ቢሆነኝ ነው። ዛፉን አውቀዋለሁ፣ አብሬያት ሄጃለሁ። ጠራችኝና፣ ቀጥፈሽ ነይ፣ ጓዳ ውስጥ ወቅጪው፣ ለትልቅ ሰው በቀንድ ማንኪያ ሁለት ነው፣ ለልጅ ግን አንድ፣ እሱንም ከአፉ እንዳይተርፍ በጣትሽ ደልድዪው አለችኝ። አንድ ነው እንግዲህ፣ አለችኝ ደግማ። ከዚያ አፍሽን ዝጊ አለችኝ።

ሄድኩ። ቀጠፍኩ። ቅጠሉን በጨርቅ ቋጥሬ በብብቴ ይዤ ስመለስ ማን ብትመጣ ጥሩ ነው፣ የአባቴ ታላቅ እህት። አክስቴ ሰው ሁሉ የሚፈራት ሴት ናት። ዓይኗ ደከም ያለ ስለሆነ ቋጠሮዬን አላየችም። እኛ አርሲዎች ደግሞ ሰላምታችን ረጅም ነው፤ የሰውን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ሁሉ ጠይቀን ነው የምንላቀቅ። አከም ጅርታ፣ እንዴት ናችሁ፣ አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩላት። ደገመችኝ። አሁንም ነቀነቅኩ። በትሯን መሬት ላይ ተከለችና፣ «የማን ልጅ ነሽ አንቺ፣ ለታላቅ መልስ የማይሰጥ? ምላስሽን ውሻ በላው? አባትሽን ነው የማናግረው» አለችኝ።

አባቴን ፈራሁ። ልንገርሽ፣ ሌላ ምንም አልነበረም፣ አባቴን ፈራሁ። «ፋያ» አልኳት። ደህና ነኝ ማለት ነው። አንዲት ቃል። አክስቴ ደስ ብሏት ሄደች።

እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። መድኃኒቱ ወጣ፣ አለቀ፣ ብዬ አሰብኩ። ተመልሼ ልቀጥፍ ብል በቀን አንዴ ነው። ቤት ገብቼ ለእናቴ ተናግሬያለሁ ልላት፣ እህቴ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆና፣ እንዴት ብዬ? ደግሞ አሁንም አፌን መክፈት የለብኝም፣ የቀረውን ኃይል ጨርሼ ላስወጣው ነው? መንገዱን ሁሉ እያሰብኩ መጣሁ። የልጅ አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። ወተት ሲቀጥን ወተት ይጨመርበታል። ኃይሉ በግማሽ ከወጣ፣ በእጥፍ ባረገው ይስተካከላል አልኩ። ጓዳ ገባሁ፣ ወቀጥኩ፣ በቀንድ ማንኪያው አንድ አረግኩ። አየሁት። አንድ ጨመርኩ። እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ ናት፣ አታየኝም። ለእህቴ ሰጠኋት። መራራ ነው አለች። ማሩን በጣቴ አስላስኳት። ዋጠችው። ያኔ ነው አፌን የከፈትኩት፤ ጎበዝ አልኳት።

ትሉ ወጣ። ቤቱ ደስ አለው። አባቴ እኔን፣ አንቺም እንደ እናትሽ ልትሆኚ ነው አለኝ። በሁለተኛው ቀን እህቴ እንደገና ማስመለስ ጀመረች። የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆነ። ሽንቷን አየሁት፣ ወተት ያልነካው ሻይ ነው የሚመስለው። ሰዎች መጡና የወፍ በሽታ ነው፣ ወፍ በላይዋ አልፎባት ነው አሉ። በሦስተኛው ቀን፣ በረፋዱ ላይ፣ ጉሙ በር ላይ ቆሞ፣ ሞተች።

ከቀብር መልስ እናቴ ብቻዋን ጠራችኝ። ሕፃኑን እያጠባች ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

«አፍሽን ከፍተሽ ነበር?»

«አልከፈትኩም» አልኳት።

አመነችኝ። ማንኪያውን አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ልጄ አልተናገረችም፣ መድኃኒቱ ደህና ነው፣ ሕመሙ የወፍ ነው ብላ መስጠቷን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ስንት ልጅ መጣ፣ አንድም አልሞተባት። አንድም። ባልሞቱ ቁጥር እኔ እቃጠላለሁ። በሌላ ልጅ ያልሆነ በእህቴ ከሆነ፣ የእኔ እጅ አለበት። ግን የቱ ነው? ቃሉ ነው ወይስ ማንኪያው? ቃሉ ግማሹን ኃይል አውጥቶት ከሆነ ሁለቱ ማንኪያ እንደ አንድ ነው፣ ሕመሙ ነው የገደላት፤ እሱንም ለታላቅ ሰው ሰላምታ መልሼ ነው፣ አላህ ይረዳኛል። ማንኪያው ከሆነ በእጄ ነው የገደልኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ይሄን ነው ሳመላልስ የኖርኩት። ሌላውን ኑሮዬን፣ ማግባቴን፣ መውለዴን፣ በዚህ መሐል ነው የኖርኩት።

አግብቼ ወደ አሰላ ወረድኩ። ልጆቼ ሲታመሙ ክሊኒክ ነው የምወስዳቸው፤ አማቴ የዚያች ባለ መድኃኒት ልጅ ሆነሽ ስትል ዝም እላታለሁ። ቅጠሉን በእጄ አልነካሁም። እህቴ ግን ተከትላኝ ወረደች። ይሄንን ጻፊው፣ አትፍሪ። ጉም በወረደ ቀን፣ ልብስ አስጥቼ ላስገባ ስወጣ፣ ደጃፉ ላይ ሆዷን ይዛ ተቀምጣ አያታለሁ። አታስፈራም። አትናገርም። እኔም አልናገራት። ልብሱን እሰበስብና በጎኗ አልፌ እገባለሁ። ልጆቼ አደጉ፣ እሷ ግን እዚያው ልክ ናት፣ የፊት ጥርሷ እንደወለቀ።

እናቴ ልትሞት ስትል ጠራችኝና ስለ ዛፉ አስማለችኝ። ለሴት ልጅሽ ካልሆነ ለማንም አትንገሪ አለችኝ። ማልኩ። ያኔ የማንኪያውን ነገር ልነግራት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። በሰላም ትሂድ ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ አንዲት የኮሌጅ መምህርት መጣች፣ ከጥቂት ዓመት በፊት ነው። ከጎጃም ተመድባ መጥታ እዚህ መድኃኒት ቀማሚዎችን ታስተምራለች። ቀጭን፣ ወሬኛ ልጅ ናት። ሰዎች የእናቴን ወሬ ነግረዋት ቤቴ ድረስ መጣች። በቆላው ወንዝ የሚታጠቡ ልጆች በቆዳቸው ትል እየገባባቸው፣ ደም ይሸናሉ፣ ቢልሃርዝያ ይባላል አለችኝ። ለዚያ በሽታ ኪኒን አለው፣ ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ትሉ ያንን ኪኒን የለመደው ቀን ሌላ የለንም አለችኝ። ስለዚህ ትል የሚገድል ቅጠል ሁሉ እየሰበሰቡ ውስጡን በማሽን ያያሉ፣ ከውስጡ አዲስ መድኃኒት ይሠራሉ።

የለኝም አልኳት። ሄደች። ተመልሳ መጣች። አሁንም የለኝም አልኳት። በሦስተኛው፣ ልትሄድ ስትነሳ፣ እኔው ጠየቅኳት። ምን ያህሉ እንደሚያድን፣ ምን ያህሉ እንደሚገድል ማሽናችሁ ያውቃል ወይ አልኳት።

«እማማ፣ እሱማ ዋናው ሥራችን ነው» አለችኝ። «የማይገድል መድኃኒት የለም፤ ልኩ ነው።»

እውነቱን ልናገር፣ ቅጠሉን የሰጠኋት ለቆላ ልጆች ብዬ አይደለም። ለማወቅ ነው።

መሐላው ግን ነበረብኝ፣ ለሴት ልጅሽ ብቻ ነው ያለችኝ እናቴ። እኛ ጋ የሰው ልጅ በጉዲፈቻ የራስ ልጅ ይሆናል፣ ከወለድሽው አይለይም። ቁጭ በይ አልኳት። ወተት ቀዳሁ፣ ከአንድ ዋንጫ ጠጣን፣ ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነሽ አልኳት። ጨዋታ መስሏት፣ በየአገሩ እናት አፍርቼ ሁሉም ሊቆጡኝ ነው ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እሷም አይታኝ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች።

መንገዱ እስከሚያልቅበት በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ወጣን። ዛፉ አለ። ከኔ የበለጠ አርጅቷል። ልትቀጥፍ እጇን ስትዘረጋ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት፣ ስለ ወንድሟ ሰርግ። በአንድ እጇ ስልክ፣ በአንድ እጇ ቅጠል፣ ትስቃለች፣ ታወራለች፣ ስንት ፍሪዳ ይታረዳል ትላለች። ዝም በይ ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ታውራ አልኩ። ከዚህ የበለጠ የተወራበት ቅጠል አይኖርም፤ ቃሉ ከሆነ ኃይሉን የሚያወጣው፣ ይሄ ቅጠል ምንም አያረግም። ቁጭ ብዬ ሳዳምጣት ዋልኩ። ወደ ታችም ስንወርድ አላባራችም።

ከዚያ ሁለት ክረምት አለፈ። በየመሐሉ ትመጣለች፣ ትነግረኛለች። ቅጠል አንድ ነገር አይደለም አለችኝ፤ እንደ ወጥ ነው፣ ውስጡ ብዙ ነገር አለ። በአልኮል ይዘፈዝፉታል፣ ያጠሉታል፣ ለያይተው በየብልቃጡ ያረጉታል። እያንዳንዱን ብልቃጥ ትሉ ላይ ጠብ ያረጋሉ። ብዙው ምንም አያረግም። ደግሞ እንዲሁ ወር ሙሉ ይሠሩና መብራት ሄዶ ሁሉም ይበላሻል፣ እንደገና ሀ ብለው ይጀምራሉ። አንዴ እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም የራሴ ጉዳይ ነበረኝና፣ አይዞሽ ያልኳት ለእሷ ይሁን ለኔ አላውቅም።

አንድ ቀን ከበር ጀምራ ነገረችኝ። አንዱ ብልቃጥ ትሉን ገደለው። እሱንም ለያይተው፣ አንድ ንጥረ ነገር ብቻውን እስኪቀር አጥልለው፣ ብቻውን ሞከሩት፣ ገደለው። አቀፈችኝ። እማማ የእናትዎ ቅጠል እውነት ነው አለችኝ። ስንት ወሬ የተወራበት ቅጠል ሠርቷል። ስለዚህ ቃል ኃይል አያወጣም። ፋያ ማለቴ ምንም አላረገም። ያኔ አንዱ ማንኪያ ይበቃ ነበር።

ለምን ደስ አላለዎትም አለችኝ። ደስ ብሎኛል አልኳት።

የዚያን ሰሞን እህቴ ጉም በሌለበትም ትመጣ ጀመር። ፀሐይ ላይ፣ በጠራራ። ምግብ ከአፌ ጠፋ። ልጆቼ ስኳር ነው ብለው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ፣ ስኳር የለም ተባለ። እኔ የምጠብቀውን አውቃለሁ። አይጥ ላይ ልንሞክረው ነው ብላኝ ነበር መምህርቷ፣ ነጭ አይጥ። ያንን ነው የምጠብቀው። አንዳንዴ እንዳትመጣ እጸልያለሁ። አንዳንዴ ለምን ዘገየች እላለሁ።

መጣች። ዝናብ ነበር፣ ጃንጥላዋን በር ላይ አቆመችው። እንደ ሌላ ጊዜዋ አላወራችም። ወረቀት አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ችግር አለ አለችኝ። ትንሽ የወሰዱት አይጦች ትላቸው ሞተ፣ እነሱ ዳኑ። እጥፉን የወሰዱት ሞቱ። በሚያድነውና በሚገድለው መሐል ያለው ቦታ በጣም ጠባብ ነው፣ እንዲህ ሆኖ ለሰው አይሰጥም አለችኝ። እኔን ያሳዘነችኝ መስሏት፣ እናትዎ ግን ልኩን ያውቁ ነበር፣ እንዴት እንዳወቁት ይገርመኛል አለችኝ።

«ምናቸው ነው የተበላሸው?» አልኳት።

«ጉበታቸው።»

«በስንት ቀን?»

«በሁለት፣ በሦስት።»

ሰው ከሆነ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል አይደል አልኳት። ወረቀቷን አስቀመጠችው። እማማ ይሄን ማን ነገረዎት አለችኝ።

ነገርኳት። ለባሌ ያልነገርኩትን፣ ለእናቴ ያልነገርኩትን። አክስቴን፣ ፋያ ማለቴን፣ ወተት ሲቀጥን ይጨመራል ብዬ ማሰቤን፣ ሁለተኛዋን ማንኪያ፣ ማሩን። ጎበዝ ማለቴንም ነገርኳት።

«ልጅ ነበሩ እኮ» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት። «እሷም ልጅ ነበረች።»

አይጥና ሰው አንድ አይደለም፣ በእርግጠኝነት እሱ ነው ልልዎት አልችልም አለችኝ። ጠበቅኳት። አይደለም ልልዎትም አልችልም አለች። ብትዋሸኝ አውቅ ነበር፣ አልዋሸችኝም። ማንኪያው ነው እንግዲህ። ስንት ዓመት ሙሉ የጠየቅኩት መልሱ ይሄው መጣ፣ ካለማወቁ የቀለለ እንዳይመስልሽ። ቃሉ ሲሆን ከአላህ ጋር ነበር የምነጋገረው። ማንኪያው ሲሆን ከእጄ ጋር ነው፤ በሱ እበላለሁ፣ በሱ የልጅ ልጆቼን ፀጉር እሠራለሁ።

ከዚያ መምህርቷ ቀስ ብላ ልጽፈው ወይ አለችኝ። በሰው ላይ የታየ ሌላ ማስረጃ የለንም፣ እጥፉ ሰው ላይ ምን እንደሚያረግ የሚያውቅ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት አለችኝ። መጀመሪያ ቀፈፈኝ። እህቴን ከአይጦቹ ጎን ልትጽፋት ነው። በኋላ ጻፊ አልኳት። ስንት ቀን እንደቆየች፣ ሽንቷ ስንተኛው ቀን እንደጠቆረ፣ ምን ያህል ውሃ እንደጠጣች፣ ሁሉንም ጠየቀችኝ፣ ሁሉንም አስታውሳለሁ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ዕድሜዋን አላውቀውም አልኳት፣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ገና አልተተኩም ነበር። ስድስት ወይም ሰባት ብላ ጻፈች።

ስሟን ልነግራት ስል፣ ስም አንጽፍም እማማ አለችኝ።

አሁን ምን ልታረጉ ነው አልኳት። ንጥረ ነገሩን አንጥለውም አለችኝ። ልብስ ሰፊ እጅጌ አሳጥሮ ወገብ እንደሚያሰፋ፣ ከዚህ ቆርጠው ከዚያ ቀጥለው ሌላ ያረጉታል፤ ትሉን የሚገድለው እንዲቀር፣ ጉበት የሚነካው እንዲወጣ። አንዱን ይሠራሉ፣ ይሞክራሉ፣ አልሆነም ይላሉ፣ ሌላ ይሠራሉ። አሥር ዓመትም ሊወስድ ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል።

ልትነሳ ስትል እጇን ያዝኳት።

«እንግዲህ ልጄ ነሽ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አልኳት። «የፈራ ልጅ እጥፍ አርጎ ቢሰጠው እንኳ የማይገድል አርጊው።»

ቃል ልገባልዎት አልችልም አለችኝ። እጇን ግን አላስለቀቀችኝም። ዝናቡ እስኪያባራ እንዲሁ ተቀመጥን፣ ከዚያ ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልላ ሄደች።